በግቢ ውስጥ የኪነ ጥበብ ምሽት እንዴት ይዘጋጃል? ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ የተማሪ ክበባት

ጥቅምት ሲገባ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት መልእክት ይበዛል። «ጋሼ፣ ዘንድሮ የኪነ ጥበብ ምሽት ልናዘጋጅ ነበር፤ ከየት እንጀምር?» ለአንዱም ለአንዱም ለየብቻ እየመለስኩ ስለሰለቸኝ ሁሉንም እዚህ በተራ አስቀመጥኩት። ልኩ ከ400 እስከ 600 ሰው ለሚይዝ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽና ገንዘብ ለሚያጥረው ክበብ ነው።

መጀመሪያ የሚቆረጠው ሰዓቱ ነው። ግጥሙም፣ ልምምዱም፣ ደብዳቤውም ከሰዓቱ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይመደባል። ብዙዎች ግን ዘፋኝ በማፈላለግ ይጀምራሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለድምፅ፦
• 6 ማይክ (4 ባለገመድ፣ 2 ገመድ አልባ)፣ ትርፍ ባትሪ
• 4 የማይክ ማቆሚያ፤ ሁለቱ አጫጭር ይሁኑ
• ቢያንስ 12 መስመር ያለው ሚክሰር፣ ወደ ታዳሚው የሚዞሩ 2 ስፒከሮች፣ ወደ መድረኩ የሚዞሩ 2 ሞኒተሮች (አቅራቢው ራሱን የሚሰማባቸው ስፒከሮች)
• ትርፍ ኬብልና ጃክ፣ ገመድ ወለል ላይ የሚያጣብቅ ሰፊ ፕላስተር

ለሙዚቃ፦
• ቁመታቸው የተለያየ 3 ዋሽንት፣ 2 ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮ
• ትርፍ የክራር ክር፣ ለማሲንቆው ደጋን የሚሆን ዕጣን፣ መሣሪያ መጠቅለያ ብርድ ልብስ

ለመብራት፦ ጄኔሬተርና ነዳጅ፣ ረጅም ማከፋፈያ፣ 3 የእጅ ባትሪ።

ለእንግዳ፦ ረከቦት፣ ጀበና፣ ስኒ፣ ቄጤማ፣ ቆሎና ፈንዲሻ፣ የመጠጥ ውሃ።

ለወረቀት ሥራ፦ የፕሮግራም ቅጽ በ10 ቅጂ፣ የንብረት መረከቢያ፣ የተጋባዦች ስም ዝርዝር።

ደረጃ 1፦ ቀኑንና ሰዓቱን ቁረጡ (ከ6 ሳምንት በፊት)

የትምህርት ካላንደሩን ከሬጅስትራር አምጡና የፈተና ሳምንታትን ሰርዙ። ቀጥሎ ጾምና በዓላትን ሰርዙ። ወሎ ውስጥ ይህን የሚዘል ክበብ ግማሽ ታዳሚውን ያጣል። በረመዳን ሙስሊሙ፣ በዐቢይ ጾም ክርስቲያኑ ዘፈንና ጭፈራ ወዳለበት ቦታ አይመጣም። በቅርብ ዓመታት ሁለቱ ጾሞች ተደራርበው ስለገቡ ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ፋሲካ ያለውን ጊዜ ባትነኩት ይሻላል። ረመዳን በየዓመቱ ካምናው 10 ወይም 11 ቀን ቀድሞ ስለሚገባ በአምናው ካላንደር አትቁጠሩ።

ከሳምንቱ ቀናት ቅዳሜ ይመረጣል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ጁምዓ አለ። እሑድ ማታ ተማሪው ልብሱን አጥቦ ለሰኞ ይዘጋጃል እንጂ አዳራሽ አይገባም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። በኅዳር ደሴ ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ትጠልቃለች፤ በጥር መጨረሻ ወደ 12፡25 ትገፋለች። የመግሪብ ሰላት ከዚያ ይቀጥላል። ፕሮግራሙን 12 ሰዓት ላይ ከጀመራችሁ ገና ምርቃቱ ሳያልቅ ሰው ተነሥቶ ይወጣል፤ ግማሹም አይመለስም። ስለዚህ ምሽቱን ለሁለት ክፈሉት። ለኅዳር የምጠቀመው ይህን ነው፦

• 9፡15 በር ይከፈታል፣ ቡና ይጀመራል
• 10፡15 ክፍል አንድ (95 ደቂቃ)
• 11፡50 ዕረፍት፣ ሰላት (30 ደቂቃ)
• 12፡20 ክፍል ሁለት (55 ደቂቃ)
• 1፡15 ፍጻሜ

የመድረኩ ጊዜ በድምሩ 150 ደቂቃ ነው። 15 ሥራ ካላችሁና ለእያንዳንዱ የመቀያየሪያ 2 ደቂቃ ከያዛችሁ 30 ደቂቃው በዚያ ያልቃል። ለሥራዎቹ የሚቀረው 120 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህን ሒሳብ የማይሠራ ክበብ 3 ሰዓት ላይ ባዶ ወንበር ፊት ይዘፍናል። የግቢው በርና ማደሪያዎቹ የሚዘጉበትንም ሰዓት ጠይቁ። ሴት ተማሪዎች ሰዓት ሲቃረብ በጅምላ ስለሚወጡ ትልቁን ሥራ መጨረሻ ላይ አታስቀምጡ።

ስለ አየሩም አስቡ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ በልግም አላት። ውጭ ሜዳ ላይ ልታደርጉት ካሰባችሁ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዝናቡ ይቀላል፣ ብርዱ ግን ጣት ያደነዝዛል፤ ክራር መቺ ደግሞ ጣቱ ከደነዘዘ ሥራ የለውም። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ ሞቃት ስለሆነች ሜዳው እዚያ ይሻላል፤ ያውም ከ10 ሰዓት በኋላ።

ደረጃ 2፦ ደብዳቤውን አስገቡ (ከ5 ሳምንት በፊት)

አንድ ደብዳቤ ለተማሪዎች ዲን ጻፉ፤ ግልባጩን ለጠቅላላ አገልግሎትና ለጥበቃ ክፍል አድርጉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የታዳሚውን ብዛት፣ ከውጭ የሚገቡ እንግዶችንና ተሽከርካሪዎችን ዘርዝሩበት። በእጅ ሰጥታችሁ አትመለሱ። መዝገብ ቤት አስገቡና ቁጥሩን ያዙ፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው የለም።

በዩኒቨርሲቲው በጀት ዕቃ የሚገዛ ከሆነ ሦስት ፕሮፎርማ ስለሚጠየቅ አምስት ሳምንትም ሊያጥር ይችላል። ከስቶር የሚወጣው ወንበርና ምንጣፍ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ቅጽ) ወይም በጊዜያዊ መረከቢያ ይፈረምበታል። ፈራሚው አንድ ሰው ይሁን፤ ሁለት ሰው የፈረመበት ዕቃ ሲጎድል «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ይመጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፈቃዱ ቁልፉን አያመጣም። ተማሪ ሳለሁ ባዘጋጀነው አንድ ምሽት አዳራሹ ተፈቅዶልናል፣ ደብዳቤው ላይ ማኅተም አለ፤ ቁልፍ ያዡ ግን ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ኮምቦልቻ ሠርግ ሄዷል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ቁልፉን የሚያመጣ ባጃጅ እስኪመለስ ሦስት መቶ ሰው ብርድ ላይ ቆመ፤ ገሚሱም ወደ ማደሪያው ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ዋዜማውን ቁልፍ ያዡን በአካል አገኘዋለሁ፤ የምትኩንም ስልክ እቀበላለሁ።

ደረጃ 3፦ ሥራዎቹን ምረጡ (ከ4 ሳምንት በፊት)

ግጥም፣ ወግ፣ መነባንብ፣ አጭር ድራማ፣ ሙዚቃና ውዝዋዜ ከያዛችሁ ይበቃል። እያንዳንዱን ጽሑፍ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ከዚያ ባለቤቱ ጮክ ብሎ ሲያነበው በስልክ ሰዓት ያዙለት። ወረቀት ላይ አንድ ገጽ የሆነ ግጥም መድረክ ላይ ሰባት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ገጣሚው ግን ሁልጊዜ «ሦስት ደቂቃ ነው» ይላል። አስቀድሞ ማየቱ ሌላም ጥቅም አለው። ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚነካ መስመር ካለ በልምምድ ክፍል ከባለቤቱ ጋር ትነጋገሩበታላችሁ፤ አዳራሽ ውስጥ ከተሰማ በኋላ ግን የሚመልሰው የለም።

የሌላ ሰው ድርሰት ልትሠሩ ከሆነ ከደራሲው የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን በሕዝብ ፊት የማቅረብን መብት ለባለቤቱ ይሰጣል።

መንዙማ የምታቀርቡ ከሆነ የሚያቀርቡትን ራሳቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ከየትኛው ሥራ በኋላ ይግባ፣ ታዳሚው አብሮ ይቀበል ወይ፣ መቅረጽ ይፈቀዳል ወይ። መንዙማ ውዳሴና ዱዓ ነው። ከእስክስታ ጋር ካስከተላችሁት ባለሙያዎቹ ቅር ይላቸዋል፣ ታዳሚውም በምን ስሜት እንደሚቀበለው ግራ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ የክፍል ሁለት መክፈቻ ይስማማዋል፤ ሰዉ ከሰላት ተመልሶ ገና እየተቀመጠ ነው። ዝማሬ ካላችሁም ሕጉ ያው ነው።

የከሚሴ ኦሮሞን፣ የአርጎባን፣ የአፋርን ወይም የዋግን ጭፈራ የምታሳዩ ከሆነ ቋንቋውን አፉን የፈታበት ተማሪ ግጥሙንና አለባበሱን ይይላችሁ። አዳራሹ ውስጥ የዚያ አካባቢ ልጆች አሉ፤ የተሳሳተ ቀሚስ ከሩቅ ይለያሉ።

ደረጃ 4፦ ቅኝቱን አስተካክላችሁ ተለማመዱ (3 ሳምንት)

ብዙ ክበብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። አራቱን የዜማ ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ደሴ ላይ የምታቀርቡ ከሆነ ጆሮው ያደገበት ታዳሚ ፊት ናችሁ። ባቲም አምባሰልም እዚሁ አጠገብ ያሉ አገሮች ናቸው። ቅኝት ሲስት ከኋላ ወንበር ሳይቀር ፊት ይዞራል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

ሀ. ዘፋኟ ያለ መሣሪያ ታንጎራጉር። ከፍተኛውን ድምፅ ሳትጨነቅ የምታወጣበትን ቦታ ፈልጉ። ለመሣሪያው እንዲመች ብላችሁ ድምፅዋን ከሰቀላችሁት የሁለተኛው ዘፈን ማብቂያ ላይ ይሰነጠቃል።

ለ. ለዚያ ድምፅ የሚስማማውን ዋሽንት ምረጡ። ዋሽንት አይቃኝም፤ ቀዳዳው ሲበሳ ድምፁ ተወስኗል። ጥሩ ዋሽንት ነፊ ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ሐ. ክራሩን ለዋሽንቱ ቃኙ፤ ማሲንቆውን ለክራሩ። አንድ ጊዜ እንኳ ተገላቢጦሽ ከሠራችሁ ሦስቱም እየተፈላለጉ ይመሻል።

መ. ከበሮው በመጨረሻ ይግባ፣ ቀስ ብሎ። ከበሮ መጀመሪያ ከገባ የቅኝቱን ስሕተት ሸፍኖ መድረክ ድረስ ያደርስላችኋል።

ክራር 6 ክር ነው። ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲዞር መላላትና መጥበቅ ያለባቸው ክሮች አሉ፤ ይህ መድረክ ላይ ሲሠራ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበላል፤ ሰው ደግሞ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማውራት ይጀምራል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንድም በአንድ ቅኝት የሚዘፈኑትን አከታትሎ ማስቀመጥ፤ አንድም ሁለት ክራር ይዞ አንዱ ሲመታ ሌላውን ከመጋረጃ ጀርባ ማዘጋጀት። ሁለተኛው ካልተቻለ በዘፈኖቹ መካከል ግጥም አስገቡ፤ ገጣሚው ሲያነብ ክራሩ ውጭ ይቃኛል።

ለውዝዋዜውም እንዲሁ ነው። የውዝዋዜ ቡድን ልብስ ለመቀየር ከስድስት ደቂቃ በታች አይበቃውም፤ ጌጥና ሻሽ ሲጨመር ይረዝማል። ሁለት ጭፈራ አታከታትሉ፤ መሃል ላይ ወግ ወይም መነባንብ ይግባ። የወሎ እስክስታ ትከሻና አንገት ስለሆነ የጠበበ ቀሚስ እንቅስቃሴውን ይገድለዋል። ቢያንስ አንድ ልምምድ በሙሉ ልብስ አድርጉ።

የደሴ ቅዝቃዜና ጭጋግ ቆዳ ያለበትን መሣሪያ ሁሉ ይጎዳል። ከበሮውና የማሲንቆው ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ ከበሮው «ድም» ማለቱን ትቶ «ጰፍ» ይላል። ቀን ከሆነ ፀሐይ ላይ 20 ደቂቃ አስቀምጡት። ማታ ከሆነ ከከሰል ፍም ክንድ ያህል አርቃችሁ እያዟዟራችሁ አሙቁት፤ እጃችሁን ቆዳው አጠገብ አድርጉ፣ እጃችሁን ካቃጠለው ለቆዳውም በዝቷል። የተቃጠለ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ ለዚያ ምሽት ሌላ አታገኙለትም። የማሲንቆውን ደጋን ዕጣን አሹት፤ ካልታሸ የፈረሱ ጭራ ክሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። መሣሪያዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ከመድረኩ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ አዳራሽ አስገቡ። አዳራሹ በሰው ትንፋሽ ሲሞቅ ክሩ መላላቱ ስለማይቀር ልትወጡ አምስት ደቂቃ ሲቀር እንደገና ቃኙ። ብዙዎች ጠዋት ቃኝተው ማታ ይወጣሉ።

ደረጃ 5፦ አዳራሹንና መብራቱን አዘጋጁ

ጭፈራ ላለበት መድረክ 6 በ4 ሜትር ያህል ባዶ ወለል ያስፈልጋል። ገመዶችን በግድግዳ ጥግ አዙሩና በፕላስተር ለጥፏቸው፤ በእስክስታ መሃል የተጠለፈ እግር ሰውም ማይክም ይጥላል። ሁለት መውጫ በሮች ሳይቆለፉ ይቆዩ፣ ወንበር አይደገፍባቸው።

ጄኔሬተር ስትመርጡ ከመሣሪያዎቹ ጀርባ የተጻፈውን ዋት ደምሩና ድምሩን ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጉት፤ አምፕሊፋየር ሲነሣ ከተጻፈው በላይ ይስባል።

ማስጠንቀቂያ፦
• ጄኔሬተር አዳራሽ ውስጥ ወይም መስኮት ሥር አይቀመጥ። ጭሱ ሽታው ሳይታወቅ ይገድላል።
• እየሠራ ወይም ሳይበርድ ነዳጅ አትጨምሩበት።
• ከአዳራሹ መስመር ጋር የሚያገናኘው የግቢው ኤሌክትሪሺያን ብቻ ይሁን። ሁለቱም ጫፉ ወንድ መሰኪያ በሆነ ገመድ ከጄኔሬተሩ ወደ ሶኬት ኃይል መስጠት መስመሩን የሚጠግነውን ሠራተኛ ያስገድላል።

የሥዕል ዐውደ ርእይ ካላችሁ መግቢያው ኮሪደር ላይ ስቀሉ። የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 1.5 ሜትር ያህል ይሁን፤ ሥሩ የሠዓሊው ስም፣ ርእስ፣ የተሠራበት ቀለምና መጠኑ ይጻፍ።

ደረጃ 6፦ ድምፁን ፈትሹ

በዕለቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሩ። ስፒከሮቹ ከማይኮቹ ፊት፣ ወደ ታዳሚው ዞረው ይቁሙ። ከማይኩ ኋላ ከሆኑ የገዛ ድምፃቸውን መልሰው እየሰሙ ያፏጫሉ። በመጀመሪያ አንዱን ማይክ ብቻ ክፈቱ፤ ማፏጨት እስኪጀምር ከፍ አድርጉ፤ ከዚያ ዝቅ አድርጉና ቦታውን ሚክሰሩ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ለሁሉም እንዲሁ።

ማሲንቆ ድምፁ ቀጭን ስለሆነ አጭር ማቆሚያ ላይ ያለ ማይክ ከቆዳው አንድ ጋት ርቀት ላይ ይጠመድለት። ክራሩ ጃክ ካለው በቀጥታ ወደ ሚክሰር ይግባ። ከበሮው ግን በትንሽ አዳራሽ ማይክ አያስፈልገውም፤ ሰው ሁሉ ማይክ ሊሰጠው ይሮጣል፣ ከዚያ ዘፋኟ አትሰማም። ለገጣሚዎች ማይክን ከአፍ አንድ ጡጫ ማራቅን አለማምዷቸው፤ ወረቀት የሚንቀጠቀጥበት ሰው በማቆሚያ ያንብብ።

ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል፤ ሰው ሲሞላ ድምፁ ስለሚዋጥ መጀመሪያው ዘፈን ላይ ጥቂት ከፍ ለማድረግ ተዘጋጁ።

ደረጃ 7፦ መድረክ መሪውንና ሰዓት ያዡን ለዩ

አንድ ሰው ሁለቱን አይችልም። ሰዓት ያዡ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ቀጣዩን «ተዘጋጅ» ይላል። መድረክ መሪው የአቅራቢዎችን ስም አስቀድሞ ከራሳቸው አፍ ሰምቶ ይጻፍ። እያንዳንዱን ሥራ ካለቀ በኋላ መልሶ የሚተርክ መድረክ መሪ ከ150 ደቂቃው ሃያውን ይበላል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ደረጃ 8፦ ቡናና ምርቃት

ቡናው ከፕሮግራሙ በፊት፣ መግቢያው ላይ ይሁን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ ነው በሩን 9፡15 ላይ የከፈትነው። መድረክ ላይ የሚያደርጉት አሉ፤ ዕጣኑ ዘፋኞቹን ያስላል። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ከሆነ በኋላ ይግባ፣ ዝግ ክፍል ውስጥ አይሁን።

የሚመርቁ አባትና እናት ከየሃይማኖቱ ጋብዙ፤ ስንት ደቂቃ እንደተያዘላቸው በትሕትና ቀድማችሁ ንገሯቸው፦ «አባባ፣ ከሰላት በፊት እንድንጨርስ አምስት ደቂቃ ይዘንልዎታል» ማለት አያስቀይምም። አምጥቶ የሚመልሳቸው መኪና ይመደብ። ከኮምቦልቻ የሚመጣ ቡድን ካለ ማታ ሐረጎን በጭጋግ እንዳይወርድ ወይ በክፍል አንድ ይጨርስ ወይ ማደሪያ ይያዝለት።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

• ፖስተር ላይ «10 ሰዓት» ብሎ ጽፎ ባለሥልጣን እስኪመጣ መጠበቅ። ተጋባዡ ሲደርስ ይግባ፤ ለንግግሩም ክፍል ሁለት አለ።
• የጠቅላላ ልምምድን ያለ ድምፅ መሣሪያ ማድረግ። ልምምዱ የሰውን ብቻ ሳይሆን የገመዱንም ነው።
• በስልክ የተጫነ ሙዚቃ ሲከፈት ስልኩ መጥራቱ። ስልኩን ከኔትወርክ አውጡት፤ ሙዚቃውን በፍላሽም ያዙ።
• ለአቅራቢዎች ውሃ መርሳት።
• ለዕረፍቱ 30 ደቂቃ ሰጥቶ መመለሻውን አለማስታወቅ። 12፡15 ላይ አንድ ሰው ክራር እየመታ ይጀምር፤ ሰው ድምፁን ሰምቶ ይገባል።

ደረጃ 9፦ ያንኑ ማታ አስረክቡ

«ነገ እንመልሰዋለን» ያላችሁት ወንበር ነገ ሌላ ክፍል ውስጥ ይገኛል። አምስት ሰዎች ለዚህ ብቻ መድቡ፤ ከአቅራቢዎቹ አይሁኑ፣ እነሱ ደክመዋል። መረከቢያው ላይ ያለውን አንድ በአንድ ቆጥራችሁ አስፈርሙ፣ ሲፈረም ፎቶ አንሡት። የገመድ አልባ ማይኮቹን ባትሪ አውጡ፤ ውስጡ ከቆየ ይፈሳል። የክራሩን ክሮች ትንሽ አላሉና ጠቅልሉት። ቁልፉን ለጥበቃው ሳይሆን ለተረከባችሁት ሰው መልሱ።